ኮስቲክ፣ የቅሬው ድስትና የሰርጉ ውሃ

ፈትሂያ መጀመሪያ ሱሪዋን ከቦቲ ጫማዋ ታወጣለች። አዲስ የገባ ሠራተኛ ሁሉ ሱሪውን ወደ ቦቲው ጠቅጥቆ ነው የሚመጣው፤ ሲያዩት ያምራላ። እሷ ሱሪው በቦቲው ላይ እንዲወርድ ትለቀዋለች፤ የሚንጠባጠበው ነገር መሬት ያግኝ እንጂ ወደ ቁርጭምጭሚቷ አይግባ። ቀጥላ የጎማ ሽርጧን አጥልቃ ከኋላ ታስራለች። የሻርፗን ጫፍ ከሽርጡ ስር ትሸጉጣለች። መነጽሯን ታደርጋለች፤ ዙሪያውን ፊት ላይ ልጥፍ የሚለውን እንጂ የፀሐዩን ዓይነት አይደለም። በመጨረሻ እስከ ክርኗ የሚደርሰውን ጓንት ታጠልቅና አፉን ወደ ውጭ ትቀለብሰዋለች። እጇን ወደ ላይ ስታነሳ በጓንቱ ላይ የሚወርደው ጠብታ እዚያች እጥፋት ውስጥ ይቀራል፣ ወደ ብብቷ አይሄድም።

ከዚያ ኮስቲኩ ወደሚበጠበጥበት ትልቅ የብረት ጋን ቀዝቃዛ ውሃ ትለቃለች። ሙቅ አይሆንም፤ ኮስቲክ ሶዳ ውሃ ሲያገኝ ማንም ሳይጥደው ራሱ ይግላል። የከረጢቱን ጥግ በምላጭ ትቀድዳለች። ነጩን ስብርባሪ፣ የበረዶ ፍቅፋቂ የሚመስለውን፣ በትንሽ አካፋ ጥቂት ጥቂት እየዛቀች ውሃው ላይ ትበትናለች። በረጅሙ መቅዘፊያ ታማስላለች። ትቆማለች። የጋኑን ጎን በጓንቷ ጀርባ ትዳብሳለች፤ ከጋለ ትጠብቃለች፣ ከበረደ ትጨምራለች። ፊቷን ከጋኑ አፍ ላይ አታመጣም። ሶዳው ሲተርፍ የከረጢቱን አፍ ጠቅልላ ታስራለች፤ ሶዳው ከአየሩ ሳይቀር እርጥበት ይጠጣልና አድሮ ድንጋይ ይሆናል።

«ኧረ ፌቲ፣ ሙሽራም እንዲህ ተጠንቅቃ አትለብስ!» ይላታል በላቸው፣ የፈረቃ ጓደኛዋ፣ ከረጢት እየጎተተ።

«ሙሽራ ባሏ ካልተስማማት ትፈታዋለች። ከዓይንህ ጋር ተፋተህ የት ትሄዳለህ?»

«እኔማ ከእግሬ ጋር ነው ልፋታ የደረስኩት።»

«እሱስ እኔም።»

ሥራው ኮምቦልቻ፣ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ኮስቲክ የሚበጠበጥበት ክፍል ነው። ከሽመናው የሚመጣው ጥሬ ጨርቅ ሰምና ቅባት አለበት፤ ውሃ ቢደፉበት ያንሸራትተዋል እንጂ አይጠጣም። በኮስቲክ ሲቀቀል ሰሙን ይለቅና ቀለም ይቀበላል። ጠንከር ባለው ኮስቲክ ውስጥ ተወጥሮ ሲያልፍ ደግሞ ክሩ ያብጥና ያብረቀርቃል፤ ሰው ገበያ ላይ «ይሄስ ሐር ይመስላል» እያለ በጣቱ የሚያሸው ያንን ነው። ያው ኮስቲክ ሌላ ቦታ ጠርሙስ ያጥባል፣ የወተትና የቢራ ቧንቧ ያጸዳል። ደሴ ላይ ሳሙና ሠሪዎች ከዘይት ጋር ያዋህዱትና ሳሙና ይሆናል። የሰው ቆዳም ዘይት አለው። ፈትሂያ ለአዲስ ሠራተኛ የምታስረዳው በዚህ ነው፤ «ኮስቲክ ሲነካህ መጀመሪያ አያቃጥልህም። ያሟልጭሃል። ማሟለጩ ያንተ ስብ ሳሙና መሆን ጀመረ ማለት ነው። እስኪያቃጥልህ ቆመህ አትጠብቅ፣ ወደ ውሃው ሩጥ።»

ውሃው በሩ አጠገብ የቆመ በርሜል ነው። ከጦርነቱ በኋላ ፋብሪካው ሲጠገን ዓይን የሚታጠብበት ቧንቧ ከሁሉ ኋላ ተረስቶ ቀርቶ ነበር። በላቸውና እሷ በርሜል አቁመው፣ ማንቆርቆሪያ አስረውበት፣ በየፈረቃው ውሃውን ይለውጡታል። ቧንቧው ተሠርቶ ከመጣ በኋላም በርሜሉን አላነሱትም። ቧንቧ ይዘጋል፤ በርሜል እንደቆመ ነው።

ፈትሂያ የደሴ ዙሪያ ገበሬ ልጅ ናት። ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ ወግ ደርሷቸው በየፊናቸው ሄደዋል። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ግቢ ጥግ፣ ብቻዋን ትኖራለች። ጠዋት በጭጋግ ከደሴ ወርዳ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ትውላለች፤ ከሰዓት በኋላ በሐረጎ ጠመዝማዛ ተመልሳ ብርድ ውስጥ ትገባለች። ሽቅብ ስትመለስ ሁልጊዜ ተኝታ ነው። ራሷ በሚኒባሱ መስኮት ላይ እየተላተመ ታንቀላፋለች፤ ረዳቶቹ ስላወቋት ሆጤ ሲደርሱ ትከሻዋን ነካ ያደርጓታል። ድካሟ አንድ ሌሊት ተኝተው የሚነሱበት ዓይነት አይደለም። አጥንት ውስጥ የገባ ነው፤ አብሯት ይተኛል፣ አብሯት ይነሳል።

ጠዋት የሚቀሰቅሳት ስልኳ ሳይሆን ሱዓድ ነበረች። ሱዓድ ጎረቤቷ ናት፤ ቤታቸውን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ሱዓድ ለሱብሂ ሶላት ስትነሳ ቆርቆሮውን በጡጫዋ ትደበድበዋለች። «ፌቲ! ፈትሂያ! ሞትሽ እንዴ?» ፈትሂያም «ወዬ! አለሁ፣ አለሁ» ትላለች። ቀናቸው እንዲህ ሲጀምር ዓመታት አለፉ። ማታ ደግሞ ሱዓድ ከምድጃዋ ያወጣችውን ክዳን ያለው ሳህን በአጥሩ ላይ ታሳልፍላታለች። ፈትሂያ ከዚህ የበለጠ ዘመድ የላትም።

ቅያሜው የመጣው በድስት ምክንያት ነው።

የሱዓድ ልጅ ዘሀራ ልትዳር ነበር። አማቾቿ ከሐርቡ የሚመጡ፣ ሱዓድ እንደምትለው «ዓይናቸው ከብልቃጥ ውስጥ አቧራ የሚያይ» ሰዎች ናቸው። ድንኳኑም ወንበሩም ትልልቆቹ የአልሙኒየም ድስቶችም የሚመጡት ከሰፈሩ ቅሬ ነው፤ ለሞትም ለሰርግም ዕቃ የሚያቀርበው እሱ ነው። ድስቶቹ ግን የስንቱን ሐዘንና ደስታ ጭስ ጠጥተው ከሰል መስለዋል። ቅሬው ደግሞ ሕግ አለው፤ ዕቃ የወሰደ አጽድቶ ይመልሳል። ሁሉም የሚችለውን ያህል ፈትጎ ይመልሳል፣ ጥቁሩ ግን እንዳለ ይቆያል።

አንድ ቀን ፈትሂያ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሱዓድ ባዶ የውሃ ላስቲክ፣ ሰው ሁሉ ሃይላንድ የሚለውን፣ ይዛ መጣች።

«ፌቲዬ፣ ከዚያ ከኮስቲክሽ ትንሽ። ለቅሬው ድስት።»

«አይሆንም።»

«ምነው? ሙሉ አላልኩ። ግማሽ።»

«አይሆንማ። ይፈጃል።»

«የፋብሪካውን ጨርቅ ያልፈጀ የኔን ድስት ይፈጃል? ያንቺ ነገር! ከኪስሽ የሚወጣ እኮ አስመሰልሽው።»

«ሱዓድ፣ ወላሂ ደክሞኛል። ነገ ቁጭ ብዬ እነግርሻለሁ።»

«ልጄን የምድረው ስንቴ ነው? አንድ ነገር ብጠይቅሽ ...» አለችና ሃይላንዱን ብብቷ ስር ሸጉጣ ወጣች። ከበሩ ላይ ዞር ብላ «ለሰው የማይተርፍ ሰው ሆነሽ ቀረሽ» አለቻት።

ነገ መጣ፤ ፈትሂያ ግን ቁጭ ብላ ለመንገር የሚተርፍ አቅም አልነበራትም። የቀረ ሰው ተክታ ሌላ ፈረቃ ሠርታ፣ እንደ ጆንያ ተጣጥፋ ገብታ ተኛች። በማግሥቱም እንዲሁ። ቆርቆሮው አይደበደብም። ሳህኑ አይመጣም። ፈትሂያ እንቅልፍ ወስዷት ጠዋት የምትወርድበት የፋብሪካው ሰርቪስ አመለጣት፤ ዘግይታ ገብታ ተቆጧት። በላቸው «ዛሬስ ቀስቃሽሽ ምን ሆነች?» ሲላት «ኩርፊያ ላይ ናት» ብላ ጓንቷን አጠለቀች። ኮስቲክ ለማንም ከፋብሪካ አውጥታ አታውቅም፣ አታወጣምም። ይህን ለበላቸው ስትነግረው ግን ድምጿ የኩራት አልነበረም። ሱዓድን እንዴት አድርጋ እንደምትመልሳት ስታስብ ነበር የምትውለው፤ መልሱን ሳታገኝ ሐረጎ ላይ እንቅልፍ ይጥላታል።

ሱዓድ ሌላ መንገድ ነበራት። ገበያ ወርዳ ከሳሙና ሠሪ ዘንድ ገዛች። በዚያችው ሃይላንድ፣ ላዩ ላይ የምንጭ ውሃ ሥዕል እንደተለጠፈበት፣ ነጩን ስብርባሪ ይዛ ገባች።

ሰርጉ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ፈትሂያ ከሰዓት ከሚኒባስ ወርዳ ወደ ቤቷ ስታቀና፣ በሱዓድ በር በኩል ዝናብ በጋለ ምጣድ ላይ ሲወርድ ያለ ዓይነት ‹ሽሽ› የሚል ድምፅ ሰማች። እግሯ ቆመ። ሽታው ለአፍንጫዋ እንግዳ አልነበረም፤ ከጋን አፍ ላይ የሚነሳው፣ ጉሮሮ የሚከረክረው እንፋሎት ነው። ግን ጋኑ እንዲህ አይጮህም።

«ሱዓድ!» ብላ በሩን ስትገፋው ጩኸቱ ቀደማት።

ሱዓድ ግቢው መሃል ተንበርክካ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛለች። አጠገቧ ትልቁ የቅሬ ድስት ግራጫ አረፋ እየተፋ ይንተከተካል፤ ከስሩ እሳት የለም። እሳቱ ሁለት እርምጃ ዞር ብሎ፣ ውሃ የተጣደበት የከሰል ማንደጃ ላይ ነው። ዘሀራ፣ ሙሽራዋ፣ እጇ ላይ ሂና ተቀብታ ግድግዳው ስር ቆማ ትጮኻለች።

ፈትሂያ ድካሟን የት እንዳስቀመጠችው አታውቅም።

«ዘሀራ! ማንደጃውን ከዚህ አርቂ! ወደ በሩ! ከድስቱ የሚወጣው ጋዝ እሳት ይይዛል። ድስቱ ላይ ማንም እንዳያጎነብስ!»

መሬት ላይ የወደቁ ፌስታሎች አንስታ በሁለት እጇ አጠለቀች፤ ጓንቷ ኮምቦልቻ ነው። የሱዓድን የራሰ ሻርፕ በጣቶቿ ጫፍ ገፍፋ ወረወረችው። ከዚያ ዘወር ስትል ያየችው ሙሉ በርሜል ውሃ ነው። በሰፈሩ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ የሰርጉ ወጥ የሚሠራበት፣ እንግዳ የሚታጠብበት፣ ሱዓድ ሳምንቱን ሙሉ በጀሪካን ያጠራቀመችው ውሃ ነው።

የሱዓድን ራስ ወደ ግራ አጋደለችው፤ የተጎዳው የግራ ዓይን ነውና ከስር ይሁን፣ የሚታጠበው ወደ ደህናው እንዳይሻገር። በጣቶቿ የዓይኗን ቆብ ከፍታ ከአፍንጫዋ በኩል ወደ ውጭ በማንቆርቆሪያ ውሃ ታፈስስባት ጀመር።

«አልችልም! አልችልም ፌቲ፣ ተይኝ!»

«አልተውሽም። ክፈቺው። ክፈቺ ዓይንሽን!»

«የሰርጉን ውሃ ... የሰርጉን ውሃ አትድፊው!»

«ዝም በይ አንቺ ሴት! ዓይንሽ ሰርጉን ካላየ ውሃው ለማን ነው?»

ጩኸቱን ሰምተው ጎረቤቶች ገቡ። ጋሽ አምባዬ፣ ከማዶ ያሉት ጡረተኛ፣ በእጃቸው የተቆረጠ ሎሚ ይዘዋል። «ሎሚ! ሎሚ ያበርደዋል፣ እኔ አውቃለሁ፣ ሶዳን ሎሚ ነው የሚገድለው!»

«ጋሽ አምባዬ፣ በፈጠረዎት ሎሚዎን ያርቁልኝ! ሎሚም፣ ወተትም፣ ቅቤም አይሆንም። ውሃ ነው። ያለዎትን ጀሪካን ሁሉ ያምጡልኝ።»

ሽማግሌው ሎሚውን ኪሳቸው ከትተው ሮጡ። ከዚያ የቅሬው ሰው ሁሉ ለሐዘን እንደተጠራ መጣ፤ በየእጁ ድንኳን ሳይሆን ጀሪካን ነበር። ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ ልጅ የሚሸከማት ትንሿ ሳትቀር። ነገ ውሃ ይምጣ አይምጣ ያሰበ የለም። አንዱ ሲያልቅ አንዱ ይቀበላል። የፈትሂያ ክንድ ዛለ፤ ዘሀራ ሂናዋ የረጠበ እጇን ዘርግታ ማንቆርቆሪያውን ተቀበለቻት፣ ፈትሂያ የዓይኗን ቆብ ብቻ ይዛ ቀረች። ሱዓድ ጩኸቷን አቁማ ማልቀስ ስትጀምር ጎረቤቶቹ «በቃ፣ ተሻላት» አሉ። ፈትሂያ «አልበቃም» አለች። ባጃጅ ተጠርቶ ሲመጣም አልበቃም፤ ሁለት ጀሪካን ጭነው፣ ባጃጁ ውስጥ እያፈሰሱ፣ ሹፌሩ «ወንበሬን!» እያለ፣ «ወንበርህ ይደርቃል፣ ንዳ!» እየተባለ ሆስፒታል ደረሱ። እዚያም ሐኪሟ መጀመሪያ ያደረገችው ውሃውን መቀጠል ነበር። ቀጥላ «ምን ነበር የነካት?» ብላ ስትጠይቅ ፈትሂያ ስሙንም፣ በምን ዓይነት ድስት እንደተበጠበጠም ነገረቻት።

የሱዓድ ዓይን ተረፈ። እንደ በፊቱ ግን አይደለም። ጠዋት ጦሳ ተራራ ላይ እንደሚተኛው ዓይነት ጉም በግራ ዓይኗ ላይ ቀርቶበታል፤ ሰው መምጣቱን ታያለች፣ ማን መሆኑን ለማወቅ በቀኙ መዞር አለባት። ሐኪሟ ክትትሉን እንዳታቋርጥ አስጠንቅቃታለች።

ሆስፒታል ተኝታ ሳለ፣ ፋሻው ዓይኗ ላይ እንዳለ፣ ለፈትሂያ እንዲህ አለቻት፤

«ያልሽውን ነው ያደረግኩት እኮ። ስንት ዓመት ስትለፈልፊ የሰማሁትን። ‹ሶዳውን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ ሶዳው አይደለም› ትዪ የለ? ውሃውን አስቀደምኩ። ቀዝቃዛ ውሃ። ቀስ ብዬ በተንኩ። ድስቱ ዘሎ ተፋብኝ።»

ፈትሂያ ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠጋች።

«ድስቱ አልሙኒየም ነው» አለች። «ኮስቲክ አልሙኒየም ይበላል። ሲበላው ነው የሚፈላው፣ የሚተፋው። የኛ ጋን ሌላ ብረት ነው፤ እሱን አይነካውም። አልሙኒየም እዚያ ክፍል ውስጥ ማንኪያ እንኳ አይገባም፤ ስለማይገባ ነው አንድ ቀን ያላነሳሁት።»

«እኔም አልጠየቅኩሽ።»

«ጠይቀሽኝ ነበር። ደክሞኛል አልኩሽ።»

ሱዓድ እጇን አልጋው ላይ እየዳበሰች የፈትሂያን ፈለገች። «አፉ በይኝ» አለች። ፈትሂያ «አፉ ብያለሁ፤ አንቺም አፉ በይኝ» አለች፤ ወዲያው ወንበሩ ላይ ራሷ ዘነበለ። ሱዓድ በአንድ ዓይኗ ስታያት ቆየች። «ያረቢ፣ ሕመምተኛ ጠያቂ ነኝ ብላ መጥታ ተኛችላችሁ» አለች ለአጠገቧ አልጋ።

ኒካሁ በቀጠሮው ታሰረ። የፈሰሰውን ውሃ ቅሬው በየቤቱ ጀሪካን መልሶ ሞላው። ሱዓድ ጥቁር መነጽር አድርጋ አማቾቿን ተቀበለች፤ የሐርቡ ሰዎች ዘመናዊ መስላቸው ወደዷት። ጋሽ አምባዬ ሰላጣ ሲቀርብላቸው ከኪሳቸው ሎሚ አውጥተው «እንግዲህ እዚህ ላይ እንኳ ይፈቀድልኝ» ብለው ሰውን አሳቁ። ድስቱ ግን ሥራ ላይ አልዋለም። አረፋው ከቆመ በኋላ ሲያዩት አንጸባርቆ ሳይሆን ጠቁሮ፣ ውስጡ እንደ ፈንጣጣ ፊት ተበሳስቶ ተገኘ። ቅሬው ሊጥለው ነበር፤ ፈትሂያ ለመነቻቸውና አሁን ከዕቃ ቤቱ በር ላይ ተሰቅሏል። ዕቃ የሚወስድ ሁሉ ከስሩ ያልፋል። የቀሩት ድስቶች እንደጠቆሩ ናቸው፤ በአመድና በቃጫ ይፈተጋሉ፣ የማይለቀው አይለቅም።

አሁን ቆርቆሮው በየጠዋቱ ይደበደባል። ሱዓድ አንዳንድ ቀን ቦታውን ስታ ምሰሶውን ትመታለች፤ ፈትሂያ ለሱም «ወዬ» ትላለች።

የፈትሂያ ድካም አልቀነሰም፣ ሥራ ተጨመረበት እንጂ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው በየጓዳው፣ ከዘይቱ አጠገብ፣ ከአልጋ ስር፣ በውሃ ሃይላንድ ያስቀመጠው ኮስቲክ መኖሩን ሰማች። አንዱ ለተደፈነ ሽንት ቤት የገዛው ትራፊ ነው፣ አንዷ ለሳሙና። ቀኑ ሲመቻት እየዞረች ትሰበስባለች። ክዳኑ በሚጠብቅ ወፍራም ጀሪካን አድርጋ፣ ቀይ ቀለም ቀብታ፣ «ኮስቲክ፣ አትንኩ» ብላ ጽፋ ትቆልፍበታለች። የፋብሪካው የደህንነት ኃላፊ ፈቅዶላት የፋብሪካው የጭነት መኪና ወደ ደሴ ሲመጣ ይወስድላታል። በላቸው «ቆራሌው ሆንሽ እንግዲህ» ይላታል። «ቆራሌው እንኳ ጮሆ ነው የሚመጣ። እኔ ለመጮህም አቅም የለኝ» ትለዋለች።

ስለ እሷ ሊጻፍ መሆኑን ስትሰማ መጀመሪያ «ስለኔ ምን ይጻፋል? ውሃና ሶዳ ነው» አለች። ከዚያ ጓንቷን አጥባ፣ ገልብጣ ሽቦ ላይ እየሰቀለች፣ ለአንባቢ ይድረስልኝ ያለችው ይህ ነው፤

«ቤታችሁ ውስጥ ስም የሌለው ሃይላንድ ካለ፣ ነጭ ስብርባሪ ወይም ውሃ የሚመስል ነገር ያለበት፣ አትክፈቱት፣ አታሽትቱት፣ ሽንት ቤት አትድፉት። ሰው ውሃ መስሎት ሳይጠጣው፣ ባለበት ‹አትንኩ› ብላችሁ ጻፉበት፤ ከዚያ ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ንገሩ። ሆጤ ከሆናችሁ ለኔ ንገሩኝ። አልቆጣችሁም፣ ከየት አመጣችሁም አልል። ደክሞኛል ብላችሁም አልመልሳችሁም። ብቻ በሩን ጠንከር አድርጋችሁ አንኳኩ። ዝም ካልኩ ሄደች ብላችሁ አትመለሱ፤ ተኝቼ ነው። እንደገና አንኳኩ።»